ምንጩ ከሰውነት ሲወጣ

ሜላት ደስታው ጉበቷ ውስጥ ዕጢ እንዳለ የሰማችው ቦይ ውስጥ ቆማ ነው። በዳር አዋሽ ከተማ የውሃ መስመር ጠጋኞች አለቃ ነበረች። የዚያን ዕለት ጠዋት የገበያው ሰፈር ዋና ቧንቧ መገጣጠሚያው ላይ ፈንድቶ፣ እሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ገብታ ብሎን ታጠብቅ ነበር። የእጇ አምባር ነዘራት። ጥርሷን ስትቦርሽ የተፋችው ምራቅ እንደ ወትሮው ተመርምሮ፣ «ደህና ነዎት» በማለት ፈንታ ጉበትዎ ላይ ዕጢ ታይቷል፣ ሆስፒታል ይቅረቡ የሚል መልእክት መጥቷል። ሜላት ብሎኑን አጥብቃ ጨረሰች፣ ውሃው መቆሙን አየች፣ ከዚያ ቦቲዋን አጥባ ሄደች።

ሐኪሟ ዶክተር ኤፍራታ ነገር የማታስረዝም ሴት ነበረች። ምስሉን ግድግዳው ላይ ዘርግታ አሳየቻት። ዕጢው የጉበቷን ትልቅ የደም ሥር ዙሪያውን አቅፎ ይዟል። ቆርጦ ለማውጣት የደም ሥሩን አብሮ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ እሱን መቁረጥ ደግሞ እሷን መግደል ነው አለቻት። የሚቀረው ጨረሩን ከውስጥ፣ ዕጢው ጉያ ድረስ መላክ ነው። አንዳንድ ሰው በቀጭን ቱቦ የጨረር ምንጭ ገብቶለት ለጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ተመልሶ ይወጣለታል፤ የሜላት ዕጢ ግን ለቱቦው መንገድ አይሰጥም። ለአንዳንዱ ከሩዝ ያነሱ ዘንጎች በመርፌ ይተከሉለታል፤ የእሷ ለዚያ ሰፍቷል። ለእሷ የሚስማማው ከአሸዋ የደቀቁ ዶቃዎችን በደም ሥር መላክ ነው። ዶቃዎቹ ዕጢውን የሚመግቡት ቀጫጭን ሥሮች ውስጥ ገብተው ይሰካሉ፣ እዚያው ሆነው ያቃጥሉታል።

«ለአንድ ሳምንት ሕፃን አትቀፊ፣ ነፍሰ ጡር አጠገብ አትቀመጪ» አለቻት ዶክተር ኤፍራታ። «በሁለት ወር ውስጥ ዶቃዎቹ በርደው ተራ ጠጠር ይሆናሉ።»

ሜላት ጠጠሮቹ መቼ እንደሚወጡ ጠየቀች። አይወጡም፣ አብረዋት ይኖራሉ፣ ምንም አያደርጓትም ተባለች። ሐኪሟ ይህን ካለች በኋላ ዓይኗን ከሜላት ላይ አንስታ፣ እርግጥ ከተማው ውስጥ ቢጫ ትሆኛለሽ ስትል ጨመረች።

ሜላት ሳቀች። መኖር ከሆነ ሐምራዊም ልሁን አለች።

ሕክምናው የተሰጣት ነቅታ ሳለች ነው። በእጅ አንጓዋ በኩል የገባውን ቱቦ አልተሰማትም፤ የተሰማት ከጎድን አጥንቷ ሥር የፈሰሰ ለብ ያለ ነገር ነው። ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቷ ተላከች። የሆስፒታሉን በር ስታልፍ አምባሯ ከነጭ ወደ ቢጫ ተለወጠ፤ በሩም በለሰለሰ ድምፅ «ቢጫ» አለ፤ የጨረር ምንጭ በሰውነቱ ያለ ሰው ምልክት ነው። ወደ እሷ ይመጡ የነበሩ ሰዎች በዝምታ ወደ ግድግዳው ተጠጉላት።

በዳር አዋሽ በር የሌለው ነገር የለም። ገበያው በር አለው፣ ባቡሩ በር አለው፣ ዳቦ ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የሰፈሩ የልጆች ሜዳ በር አለው። ሜላት እስከዚያን ቀን ድረስ በሮቹን አይታቸው አታውቅም፤ ነጭ ለሆነ ሰው ይከፈታሉ፣ ያልፋል፣ አበቃ። ቢጫ ከሆነች በኋላ ቀኗ በሙሉ በር ሆነ። ጠዋት አሳንሰሩ እሷን ይዞ ሲወርድ በየፎቁ የቆሙትን ጎረቤቶች ሳይጭን ያልፋል፤ ከሥራ የሚዘገዩት እነሱ ናቸውና ውሎ አድሮ ሰላምታቸው ቀዘቀዘ። ዳቦ የምትገዛው በጎን በተከፈተ መስኮት ነው። እሑድ ከግንቡ ውጭ፣ ሌሎች ቢጫዎች ከሚቆሙበት ዛፍ ሥር ሆና ታስቀድሳለች። ባቡር ስትሳፈር የመጨረሻው ፉርጎ ብቻ ይከፈትላታል።

እዚያ ፉርጎ ውስጥ ባሮክ የሚባል ጡረታ የወጣ የባንክ ሠራተኛ ተዋወቀች። ፕሮስቴቱ ላይ ዘንግ ከተተከለለት አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል። የልጅ ልጆቹን ያያቸው በትምህርት ቤታቸው አጥር በኩል ነው። እሷ ለሁለት ወር ብቻ መሆኑን ስትነግረው አንገቱን ነቀነቀና ወደ መስኮቱ ዞረ። ያን ጊዜ ዝምታው ቅናት መሰላት።

ባሏ ኖላዊ የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነው። ከቢጫ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር የሚያድር ሰው ልጆች ያሉበት በር አይከፈትለትም። ኖላዊ ሥራውን እለቃለሁ አለ፤ ሜላት እምቢ አለችው። ሁለት ወር ወንድምህ ዘንድ ተቀመጥ፣ ሁለት ወር ምን አላት አለችው። ልብሱን በሻንጣ አድርጎ ሲወጣ፣ ድስቶቹን ግን ትቶላት ሄደ፤ ትዳሩን በዚያ ያስያዘ ይመስል ነበር።

ከሁሉ የከበዳት ግን የእናቷ ነገር ነው። ወይዘሮ ብሌን በወጣትነታቸው የእግር ኳስ ዳኛ ነበሩ፤ ሃያ ሁለት ጎረምሳ በአንድ ጣታቸው ያቆሙ ሴት። አሁን ጥላ በሚባለው የአረጋውያን መንደር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ጆሯቸው ደክሟል። በስክሪን ማውራት አይወዱም፤ የልጄን ፊት እንደ ዜና አንባቢ አላይም ይላሉ። ሜላት ከሥራ ስትወጣ ሄዳ እግራቸውን ታጥብላቸው፣ የሰፈሩን ወሬ ጆሯቸው ላይ ጮኻ ትነግራቸው ነበር። ቢጫ በሆነች ሰሞን የጥላ በር ሲዘጋባት፣ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ወደ ሰገነቱ እጇን አውለበለበች። ወይዘሮ ብሌን ወጡ። ሜላት አምባሯን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

አሮጊቷ አጎንብሰው አዩ። ከዚያ ስታዲየም ያዝዝ በነበረው ድምፃቸው «ቢጫ ማስጠንቀቂያ ነው» አሉ። «ከሜዳ የሚያስወጣው ቀይ ነው። ለበረኛው ንገሪው።»

መንገደኛው ሳቀ። በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ፣ ሳምሶን፣ እሱም ሳቀ። ሜላትም ሳቀች። በባቡር ስትመለስ ግን አምባሯን በእጅጌዋ ሸፈነችው።

ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ በእጅ ምልክት ይነጋገሩ ጀመር። ወይዘሮ ብሌን የዳኝነት ምልክታቸውን አልረሱም። ሁለት እጅ ወደፊት ሲዘረጉ «ደህና ነኝ፣ ጨዋታው ይቀጥል» ማለት ነው። እጅ አንጓቸውን በጣት ሲነኩ «ዛሬ ዘገየሽ»።

ሁለት ወሩ አለፈ። ሆስፒታል ስትቀርብ ዕጢው እንደ ደረቀ ጥላሸት ተሰባብሮ ታየ፤ ዶክተር ኤፍራታ ሞቷል አለቻት። ኪያ ገመቹ የምትባል ወጣት የጨረር ባለሙያ ደግሞ መለኪያ ይዛ መጥታ ሆዷ ላይ አኖረችው። መለኪያው አልፎ አልፎ ጠቅ ይላል። ኪያ አንስታ ባዶ ወንበር ላይ አኖረችው፤ ያው ነው። ከወንበሩ ልዩነት የለዎትም፣ እትዬ ሜላት፣ አለቻት እየሳቀች።

ሜላት ከሆስፒታሉ ስትወጣ በሩ «ቢጫ» አለ።

በማግሥቱ ወደ ከተማው የጨረር ጥበቃ ቢሮ ሄደች። ያስተናገዳት ልጅ ትሑት ነበር፤ ወንበር አቀረበላት፣ ስለ ጤናዋ ጠየቃት፣ የኪያን ውጤት በጥሞና ተመለከተው። ከዚያ መመሪያውን አነበበላት። ምልክቱ የሚነሳው ምንጩ ከሰውነት ሲወጣ ነው ይላል።

«ዶቃዎቹ አይወጡም» አለችው ሜላት።

«እንግዲያው ምልክቱም አይነሳም።»

«ሞተዋል እኮ። ጨረር የላቸውም።»

ልጁ መመሪያውን ደግሞ አየው። «ስለ መሞት የሚለው ነገር የለም» አላት። ከልቡ ያዘነ ይመስል ነበር። «ቀዶ ጥገና አድርገው ቢያስወጧቸውስ?»

ሜላት ዕጢው ስለማይወጣ ነው ዶቃዎቹ የገቡት አለችው። ልጁ ይህን አስተያየቷን እንደሚያስመዘግብላት ነገራት።

የዚያን ቀን በመጨረሻው ፉርጎ ውስጥ ከባሮክ ፊት ለፊት ተቀመጠች። የያኔው ዝምታው ቅናት እንዳልነበር ገባት።

ክረምቱ መጣ፣ ክረምቱ ሄደ። ሜላት ጤነኛ ነበረች፤ ቧንቧ ትጠግናለች፣ ደረጃ ትወጣለች፣ ጉበቷ ያለበትን ቦታ እንኳ ረስታዋለች። የማይረሱት በሮቹ ናቸው። ኖላዊ እሑድ እሑድ ከዛፉ ማዶ ቆሞ ያያታል፤ ስለ ትምህርት ቤቱ ይነግራታል፣ ድስቶቹን ይጠይቃታል። ቁጣዋ መጀመሪያ ሰው ላይ ነበር፤ ከአሳንሰሩ ፊት የሚያጉረመርሙት ላይ፣ በመስኮት ዳቦ የምትወረውርላት ሴት ላይ። በኋላ ግን የሚፈሩት አንድ መሣሪያ የሚነግራቸውን አምነው ነው እያለች ለራሷ ታስረዳ ጀመር። መሣሪያውም ቢሆን አንድ ነገር ይሰማው ይሆናል፤ ለሰው የማይሰማ፣ የኪያ መለኪያ ያልደረሰበት ነገር። እንዲህ ብላ ስታስብ ሌሊት ሆዷን በመዳፏ ትደብቀው ነበር።

ከሕክምናው ዘጠኝ ወር ያህል በኋላ፣ አንድ ረቡዕ፣ ወይዘሮ ብሌን ሰገነቱ ላይ አልወጡም። ሐሙስም አልወጡም። ዓርብ ጠዋት ከጥላ ተደወለ። የእናቷ ልብ ደክሟል፣ ሳንባቸው ውሃ ቋጥሯል፣ ሆስፒታል መውሰዱ ከማንገላታት በቀር እንደማይጠቅም ሐኪሙ ወስኗል። ልጃቸው በሩ ላይ ቀርባ በስክሪን እንድትሰናበታቸው ተፈቅዶላታል።

ሜላት ኪያን ጠራቻት። ኪያ ሥራዋን ትታ መለኪያዋን ይዛ መጣች። ሳምሶን በሩ ላይ ነበር። ኪያ ማንነቷን ነገረችው፣ መለኪያውን ሜላት ሆድ ላይ አድርጋ አስነበበችው። አልፎ አልፎ ጠቅ አለ። ቀጥላ በሩ ከታሰረበት የግራናይት ምሰሶ ጋር አስጠጋችው። መለኪያው ቶሎ ቶሎ ይንጣጣ ጀመር።

«ድንጋዩ ከእሷ ይበልጣል» አለችው። «እርስዎ ቀኑን ሙሉ የሚደገፉት ምሰሶ።»

ሳምሶን ከምሰሶው አንድ እርምጃ ራቀ። ኪያ ድንጋዩም ቢሆን እንደማይጎዳው፣ ዓለም ሁሉ በዚህ መጠን እንደሚጮህ አስረዳችው። እሱ ግን የሚያስበው ሌላ ነገር ነበር።

«አምንሻለሁ፣ ልጄ» አላት። «ችግሩ በሩ አይለካም።»

ሜላት ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቀችው።

«መለኪያ የለውም። ሲተክሉት እዚሁ ቆሜ አይቻለሁ። ስም ነው የሚያነበው። ስምሽ ቢጫ ከሆነ ይዘጋል።»

«ሁሉም በሮች?»

«የማውቃቸው ሁሉ።»

ሜላት አልጮኸችም። ዘጠኝ ወር ሙሉ አንድ ነገር ከውስጧ እየወጣ በሮቹን የሚያስደነግጥ መስሏት ነበር። በገዛ መዳፏ ሆዷን የደበቀችበት ሌሊት ትዝ አላት። ሳምሶን በእጁ ከፍቶ ያስገባት እንደሆነ ጠየቀችው፤ እሱም ቢችል እንደሚያደርገው፣ በሩ ግን ለእሱም እንደማይታዘዝ ነገራት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ስለነበር አመነችው።

የጥላ መንደር ውሃ የሚገባው ከግንቡ በስተ ምሥራቅ ባለ ማንሆል በኩል ነው። መስመሩን የዘረጋችው የእሷ ቡድን ነበር። ከቧንቧው ጎን አንድ ጠጋኝ በሆዱ ተስቦ የሚያልፍበት ዋሻ አለ፤ በር ግን የለውም፣ ለቧንቧ በር የሚያበጅ የለምና። ሜላት ኪያን ወደ ሥራሽ ተመለሺ፣ እንዳታይ አለቻት። ኪያ አልተመለሰችም። ሜላት ወደ ምሥራቁ ጥግ ሄዳ ክዳኑን በቧንቧ ቁልፏ ስታነሳ፣ ሳምሶን አያት። ከዚያ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

የወጣችው ከልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ነው። አሳንሰሩን ትታ በደረጃው ሮጠች።

ወይዘሮ ብሌን ትራስ ተደራርቦላቸው ተቀምጠው ነበር፤ ሲተነፍሱ ደረታቸው ይንኮራኮራል። ዓይናቸውን ገልጠው ጭቃ የለበሰችውን ልጃቸውን አዩ።

«ማን አስገባሽ?»

ሜላት ጆሯቸው ላይ ተጠግታ «ቧንቧው» አለች።

«ከጨዋታ ውጪ ነሽ እኮ» አሉ እናትየው፤ ለመሳቅ ሞክረው ሳል አቋረጣቸው። «ግድ የለም። ፊሽካ የለኝም።»

ሜላት እጇን ታጥባ እግራቸውን አወጣች፤ አብጦ ነበር። በለብታ ውሃ አጠበችው፣ አደረቀችው፣ ቫዝሊን ቀባችው። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች። ከዘጠኝ ወር ወዲህ እጇን የያዘ ሰው አልነበረም፤ የሌላ ሰው እጅ ክብደት እንዳለው ረስታው ኖሯል።

«ያ ነገር አሁንም ሆድሽ ውስጥ አለ?» ሲሉ ጠየቁ ወይዘሮ ብሌን።

«አለ። ግን ሞቷል።»

«ታዲያ የሚፈራው ማን ነው?»

እናቷ መልስ ሳይጠብቁ ጣታቸውን በጣቷ ቆልፈው ዓይናቸውን ከደኑ።

የክፍሉ አምፖል አምባሩን አንብቦ ቢጫ ሲሆን ነርሷ መጣች። ሜላትን፣ ጭቃውን፣ የተቆላለፉትን እጆች አየች። ማሳወቅ ግዴታዋ መሆኑን ተናገረች፤ ቀጥላም ማሳወቅ ያለባት ከፈረቃዋ ማብቂያ በፊት ብቻ እንደሆነ፣ ፈረቃዋ ደግሞ ገና ብዙ እንደሚቀረው ነገረቻት። በሩን በቀስታ ዘግታ ወጣች። ወይዘሮ ብሌን ከቀትር በኋላ፣ ፀሐዩ ሰገነቱን ለቆ ሳይወጣ፣ በልጃቸው ክንድ ላይ ሆነው ዐረፉ።

ቀጥሎ የሆነውን ሜላት ለሰው የምትነግረው ሳታስረዝም ነው።

ነጭ ቱታ የለበሱ ሰዎች መጡ። እሷን በአንድ ኮሪደር አስወጧት፣ እናቷን በሌላ። ፍራሹ፣ ብርድ ልብሱ፣ ከግድግዳው ላይ የተሰቀለው የዳኝነት ሸሚዝ ሳይቀር በከረጢት ታስሮ ሊቃጠል ተወሰደ። በመመሪያው መሠረት ቢጫ የነካው አስከሬን እንደ ቢጫ ይቆጠራል። አይታጠብም፤ አይገነዝም፤ ሰው አይቀርበውም። በብረት ሣጥን ታሽጎ፣ ለቀስተኛው ከተዘረጋ ገመድ ወዲህ በሩቅ እንደቆመ ይቀበራል።

የእድሩ ዳኛ ሰው ሳይገነዝ አይቀበርም ብለው ተከራከሩ። ስለ አስተያየታቸው ምስጋና ቀረበላቸው። ኪያ መለኪያዋን ይዛ ሣጥኑ ድረስ ልጠጋና ልለካ አለች፤ የተፈቀደው ርቀት ይህ ነው ተብሎ ገመዱ ተጠቆመላት። ካህኑ ከገመዱ ወዲህ ሆነው ፍትሐቱን አደረሱ፤ ንፋሱ ድምፃቸውን ወደ ኋላ ይመልሰው ነበር። ሣጥኑን ያወረደው ማሽን ነው። አንድም ሰው አፈር አላለበሳቸውም።

ኖላዊ ነጭ አምባር ካላቸው ለቀስተኞች ጋር፣ ከቢጫዎቹ ከሚለያቸው ሌላ ገመድ ማዶ ቆሞ ነበር። ሣጥኑ መውረድ ሲጀምር ያንን ገመድ ተሻግሮ መጣና የሜላትን እጅ ያዘ። አምባሩ ወዲያው ቢጫ ሆነ። ወደ ትምህርት ቤቱ አልተመለሰም፤ ማታውን ሻንጣውን ይዞ ወደ ድስቶቹ መጣ።

ሜላት አረጋውያንን ለአደጋ አጋልጣለች ተብላ በጨረር ጥበቃ ቢሮው ጉባኤ ፊት ቀረበች። ሰብሳቢው አቶ ናሆም የሚባሉ፣ ንግግራቸው የተመጠነ ሰው ነበሩ። ኪያ ቀርባ የለካችውን ተናገረች። አቶ ናሆም አልተከራከሯትም። ውጤቱን እንደሚቀበሉት፣ ወይዘሮ ሜላት ማንንም እንዳልጎዱ ቢሮው እንደሚያውቅ አስረዱ። ጉዳዩ የሥርዓት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ወይዘሮ ሜላት ስሕተታቸውን አምነው ቢፈርሙ፣ ቢሮው በልዩ ሁኔታ የእሳቸውን፣ የባለቤታቸውንም ጭምር፣ ምልክት ሊያነሳ ዝግጁ ነው።

ሜላት ቆማ «አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች። «በሩ ይለካል?»

«በሩ ሥራውን ይሠራል።»

«ይለካል ወይ ነው ያልኩት።»

አቶ ናሆም ብዕራቸውን አስቀመጡ። «በሩ ሕዝቡን ያረጋጋል፣ ወይዘሮ ሜላት። ከዚህ በፊት ሰው ባቡር ለመሳፈር ይፈራ ነበር። አሁን አይፈራም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።»

«እነሱ እንዲረጋጉ እኔ እናቴን በብረት ሣጥን ቀበርኩ።»

ሜላት በመጨረሻው ፉርጎ ውስጥ ስላሉት ሁሉ ጠየቀቻቸው፤ ስለ ባሮክ፣ ጡት ካንሰሯ ከዳነ በኋላ ስለምትሳፈረው የሒሳብ አስተማሪ፣ ስማቸውን ስለማታውቃቸው። የእነሱስ ይነሳል ወይ? ልዩ ሁኔታ ለሁሉ ከተደረገ ልዩ መሆኑ ይቀራል ተባለች። አልፈርምም አለች። ከሥራዋ ተሰናበተች፤ የውሃ መስመርን ለሕገ ወጥ መግቢያነት ተጠቅማለችና።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የኪያ ነው። በየጠዋቱ የመጨረሻውን ፉርጎ ትሳፈር ጀመር፤ ፉርጎው ለነጭ ስለማይከፈት መጀመሪያ ቀን ከሜላት ጋር ተቃቅፋ ገባች፣ አምባሯም ቢጫ ሆነ፤ በዚህም ከሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ወጥታ ምድር ቤት እንድትሠራ ተደረገ። ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ ለካቻቸው። ባሮክ ላይ መለኪያውን ስታኖር ሽማግሌው ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ባዶ ወንበር ነዎት አለችው። ባሮክ ትልቋ የልጅ ልጁ ባለፈው ወር እንደተዳረች ነገራት፤ ሠርጉን በአጥር በኩል አይቷል።

ፉርጎው ሙሉ ሰው አንድ ላይ ሆኖ ከሰሰ። ክርክሩ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ። በመጨረሻ መመሪያው ላይ «ሲወጣ» ከሚለው ቀጥሎ «ወይም ሲበርድ» የሚል ተጨመረ። በሮቹ እንደነበሩ ቀሩ። ባሮክ አልደረሰበትም፤ ቀደም ብሎ እንደ ቢጫ በብረት ሣጥን ተቀብሮ ነበር።

አቶ ናሆም ለሜላት የደወሉት በምሳ ሰዓት ነው። ኖላዊ ሽሮውን አውጥቶ ገና መቁረሳቸው ነበር። አምባሮቻቸው በአንድ ጊዜ ነጭ ሆኑ። አቶ ናሆም በራሳቸው አንደበት ሊያበስሯት እንደፈለጉ ገለጹ፤ ምልክቷ ተነስቷል፣ ወደ ሥራዋም መመለስ ትችላለች፣ ቢሮው ስላሳየችው ትዕግሥት ያመሰግናታል። ከዚያ እሷ የምትለውን ጠበቁ።

ሜላት እጇን ታጠበች፣ አደረቀች፣ ተመልሳ ተቀመጠች።

«እናቴን ሳትታጠብ፣ ሳትገነዝ ቀበራችኋት» አለች። «እሱንስ የሚያነሳልኝ ማን ነው?»

አቶ ናሆም ይህ የእሳቸውን ክፍል እንደማይመለከት፣ የቀብር ጉዳይ በሌላ ክፍል እንደሚታይ፣ ከፈለገች መስመሩን እንደሚያስተላልፉላት ነገሯት።

«ያስተላልፉልኝ» አለች።

መስመሩ ላይ የበገና ዜማ ተከፈተ። በየመሐሉ የለሰለሰ ድምፅ እየገባ ጥሪዋ ለቢሮው እጅግ አስፈላጊ መሆኑን ይነግራታል። ኖላዊ ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ ከደነው። ዜማው አለቀ፣ እንደገና ጀመረ። ሜላት አልዘጋችም።